ግንዱ አይደለም፣ ጉቶው ነው

ጥፋቱ የጸደንያ ነው። እሺ፣ የጸደንያ ብቻ አይደለም፤ ግን ወርቅዬ ማንንም ከመውቀሷ በፊት የወቀሰችው እሷን ነው፣ የገዛ እህቷን ልጅ። ሰው የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «እግዜር ይማርዎት» ብሎ፣ የቀረበለትን ቀምሶ ይሄዳል። ስለ ግንድ ህዋስ ያስተምራል እንዴ? ለዚያውም አጣና ሻጭ ቤት ገብቶ!

የወርቅዬ ባል ቸኮል ላፍቶ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት አጣና ሸጧል። ከሰበታ በኩል ተጭኖ የሚመጣውን የባህር ዛፍ እንጨት በርዝመትና በውፍረት ለይቶ ያቆማል፤ ለቋሚ የሚሆነውን ለብቻ፣ ለማገር የሚሆነውን ለብቻ። ከባህር ዛፍ ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ነገር መኖሩን ብዙም አያምንም። የልጅ አስተዳደግ ብትጠይቀው በባህር ዛፍ ይመልስልሃል። ፖለቲካ ብትጠይቀው በባህር ዛፍ ይመልስልሃል። ወርቅዬን ሲያጫት እንኳ «ቀጥ ያልሽ ነሽ» ነው ያላት፤ እሷም ያኔ ልጅ ነበረችና ትልቅ ነገር የተናገረ መስሏት አገባችው።

በሽታው የጀመረው ከፊቱ ነው። ምሳ እየበላ ወይም ከደንበኛ ጋር እየተከራከረ ድንገት ከአንገቱ ይነሣና እስከ ግንባሩ በርበሬ ይመስላል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሰፈሩ «ቸኮል አረቄ ጀመረ» አለ። እውነቱን ለመናገር ወርቅዬም ጠርጥራለች። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው ጎንበስ ብላ አፉን ታሸት ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ዓይኑን ገለጠና «ምን እያደረግሽ ነው?» አላት። ደነገጠችና «ልስምህ ነበር» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቸኮል ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ፂሙን ሲላጭ ከረመ።

ተቅማጥ ሲጨመርበት ግን ነገሩ የአረቄ እንዳልሆነ ገባትና እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ከብዙ ምርመራ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ነገሪ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። ትንሹ አንጀት ላይ ዕጢ አለ፤ ጉበቱ ላይም አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ስሙ ኒውሮኢንዶክራይን ይባላል። ሆርሞን እየረጨ ፊቱን የሚያቀላውም፣ ሆዱን የሚያጣድፈውም እሱ ነው። ካንሰር ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው።

«ችግሩ አንጀቱን መዝጋት መጀመሩ ነው» አለ ዶክተሩ። «ረቡዕ ይግቡና ሐሙስ እናውጣው። ይሄ ተራ ካለፈ የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አንጀትዎ ደግሞ ሦስት ወር የሚጠብቀን አይመስለኝም።»

ወርቅዬ አፉን ያሸተተችበት ቀን ሁሉ ትዝ አላትና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቸኮል የበሽታውን ስም መጥራት አቃተውና «ኒውሮው» ብሎ አሳጠረው። ከዚያ እሺ አለ። እሺ ብሎ ነበር እኮ!

እሑድ ጸደንያ መጣች። ጸደንያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ የምታጠናውም ልክ የቸኮልን ዓይነት ዕጢ ነው። ይሄ በሽታ እንደ ልብ አይገኝም። ከዶክተር ነገሪ ጋር ተነጋግራ፣ ከሚወጣው ዕጢ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ለምርምር እንዲፈቅድላት ቅጽ ይዛ፣ ከብርቱካኑ ጋር አብራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ ዕጢው ውስጥ ያሉት ህዋሶች ሁሉ እኩል አይደሉም» አለችው። «አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ግንድ ህዋስ ይባላሉ። ሌሎቹ ሁሉ የሚበቅሉት ከነሱ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ዕጢው ተቆርጦ ወጥቶ እንኳ አንዷ ተደብቃ ብትቀር፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና ልታበቅለው ትችላለች። እኔ የምፈልገው እነሱን ነው።»

ቸኮል እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር። አስቀመጠው።

«ተቆርጦ ያበቅላል?»

«ሊያበቅል ይችላል።»

«ታዲያ ግንድ ለምን ትሉታላችሁ?»

«እ?»

«ግንድ እኮ የሚሸጠው ነው! ግንዱንማ እኔ ጭኜ አምጥቼ ሸጬዋለሁ። ላፍቶ ውስጥ በኔ እንጨት ስንት ቤት ቆሟል፤ አንዱ ግድግዳ ቅጠል አውጥቶ ታውቂያለሽ?»

«የጎረቤታችን የማናዬ አጥር አውጥቷል» አለች ወርቅዬ፣ ብርቱካን እየላጠች።

«እርጥብ ስለነበረ ነው! እኔ ይድረቅ ብያት ነበር!» ወደ ጸደንያ ዞረ። «የሚያቆጠቁጠው ጉቶው ነው፣ ልጄ። መሬት ውስጥ የቀረው። ግንድ ሌላ፣ ጉቶ ሌላ። ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሯችሁም?»

ጸደንያ ሳቀች፤ ወርቅዬም ሳቀች። ቸኮል ግን አልሳቀም። ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እስከ ማታ ዝም አለ። ቸኮል ዝም ሲል ደግሞ ጥሩ ነገር ተከትሎት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ አወጣው። «ኦፕራሲዮኑ ቀርቷል።»

«ምን ማለትህ ነው ቀርቷል?»

«ወርቅዬ፣ እኔ ባህር ዛፍ አውቃለሁ። አንዱን ስትቆርጪው አምስት ሆኖ ይመጣል። ሆዴ ውስጥ አንድ ኒውሮ ይበቃኛል። አምስት መመገብ አልችልም።»

መጀመሪያ የቀለደ መሰላት። ቀጥላ ጮኸችበት። ቀጥላ አለቀሰች። «አንጀትህ ሊዘጋ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ! የሚሞት ሰው ስለ እንጨት ያወራል?» አለችው። እሱ እቴ! እንደ አጣናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለጸደንያ ደወለችና «ነይና የተከልሽውን ንቀይ!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። ጸደንያ ሃያ ደቂቃ ለመነችው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ጉቶው ይወጣል ወይስ አይወጣም?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። ልጅቷ ደግሞ ሐቀኛ ሆነችና «ጋሼ፣ እሱን ገና አናውቅም» አለችው። ውሸት ምን ያደርጋል ብሎ ያሳደጋት ማን ይሆን!

ማክሰኞ ትንሽ ለዘብ አለ። «ዶክተሩ በራሱ አፍ ይንገረኝ» አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ግን ለመነጋገር ነው የምሄደው፣ ለመታረድ አይደለም።» ወርቅዬ ይህንንም አመስግና ተቀበለች፤ የሌሊት ልብሱንና ነጠላ ጫማውን ደብቃ ከቦርሳዋ ሥር ከተተች።

ረቡዕ ጠዋት ስትነሣ ቸኮል ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የባህር ዛፍ ጉቶ በሳሙና ያጥባል። የሰው ጭንቅላት ሁለት እጥፍ የሚሆን ጉቶ፣ ሥሩ ዙሪያውን የተንጨፈረረ፣ ከጎኑ ሦስት ለምለም ቡቃያ ያወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ንጹሕ ቦታ ነው የምንሄደው።»

«ይሄን ተሸክመህ ልትሄድ ነው?»

«ዶክተሩ ባህር ዛፍ ባያውቅስ?»

«አዲስ አበባ ተቀምጦ ባህር ዛፍ የማያውቅ የት አለ!» ብላ ጮኸች። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነበር፤ ጉቶ አትያዝ ብትለው እንደማይንቀሳቀስ ታውቃለች። ያላት ምርጫ ባልና ጉቶ ወይም ባዶ እጅ ነው። የድሮ ነጠላዋን አምጥታ ጠቀለለችለት።

ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። መካኒሳ ላይ የገባች አንዲት ሴት ከጎኑ ተቀምጣ ጥቅሉን አየች። «አባባ፣ ሕፃኑን አፈኑት እኮ፤ ፊቱን ይግለጡለት» አለችው። ቸኮል ነጠላውን ገለጥ አደረገላት። ሴትዮዋ አማተበችና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

የሆስፒታሉ በር ላይ በንቲ የሚባል ጥበቃ አስቆማቸው። «ምንድን ነው?»

«ጉቶ።»

«ለማን?»

«ለዶክተር ነገሪ።»

በንቲ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ ወደ ግቢው የማይገቡ ነገሮችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስለት አለ፣ መጠጥ አለ፣ ሲጋራ አለ፤ ጉቶ የሚል የለም። «ዶክተሩ ያዘዘው ነው?» አለ።

«ለሱ ነው የማመጣው አልኩህ እኮ!» አለ ቸኮል። በንቲም የገባውን ያህል ገብቶት አሳለፋቸው።

ተራ መጠበቂያው ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጧል። ነርሷ ቸኮልን ለደም ምርመራ ስትጠራው ጉቶውን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አደራ ሰጥተው ሄዱ። ሙፊዳ ትባላለች፤ መካኒሳ አቦ ጋ ሱቅ አላት፣ ባሏን ሃሩንን ጨጓራ አሞት ይዛው መጥታለች። ወርቅዬ «መጣን፣ አምስት ደቂቃ» አለቻት። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

ሲመለሱ ጉቶው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። በንቲ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ኖሮ፣ «ዶክተር ነገሪ ያስመጣው ሥር ነው» ብሎ ለአንዱ ሹክ ብሏል፤ አንዱ ለሌላው ብሏል። ሙፊዳ ታማኝ ሴት ናትና ሰው እንዳይሻማ ሰልፍ አስይዛለች። በሱቋ ቁልፍ ልጡን እየፋቀች ለያንዳንዱ ቁንጥር ቁንጥር ታድላለች። ሦስቱ ቡቃያዎች የሉም። አንዷ አሮጊት ድርሻቸውን መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረዋል። ሃሩን ደግሞ አፉን ሞልቶ ያላምጣል።

«እንዴት ነው?» አሉት አሮጊቷ።

«ይመራል» አለ ሃሩን፣ እምነት በሞላው ድምፅ። «መድኃኒት ካልመረረ ምኑን መድኃኒት ሆነ!»

«ወላሂ ላንተ ድርሻ አስቀርቻለሁ» አለችው ሙፊዳ ቸኮልን። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ቸኮል የተላጠ፣ ቡቃያው የተገነጠለ፣ እንደ ዶሮ የተነጨ ጉቶውን አየ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ይቀላ ገባ፤ ይሄኛው የኒውሮው ይሁን የንዴት ወርቅዬም መለየት አቃታት። «ማስረጃዬን በላችሁት!» ብሎ ጮኸ። «ቡቃያውን! ዋናው እኮ ቡቃያው ነበር!»

በጩኸቱ ዶክተር ነገሪ ከክፍሉ ወጣ። ጉቶውን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ የሃሩንን ጉንጭ አየ። «መጀመሪያ እርስዎ ይትፉ» አለው ሃሩንን። ቀጥሎ ወደ ቸኮል ዞረና፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አቶ ቸኮል፣ ይግቡ። ዛፍዎንም ይዘው ይግቡ» አለ።

ቸኮል ጉቶውን ጠረጴዛው ላይ፣ የሰው ካርድ ላይ ዘፍ አድርጎ አስቀመጠው። ወርቅዬ ከሐፍረት ብዛት ወንበር እያለ ቆማ ቀረች።

«ዶክተር፣ ይሄን እንዴት ያወጡታል?»

ወርቅዬ አሁን ያባርረናል ብላ ጠበቀች። ነገሪ ግን ያደገው ሰበታ ነው፣ አባቱ ባህር ዛፍ ነበራቸው፤ ጥያቄው የልጅነቱን ወገብ ሕመም ቀሰቀሰበት መሰል ወደ ጉቶው ጠጋ አለ። «ዙሪያውን በዶማ ቆፍሬ ሥሩን በምሳር እቆርጣለሁ» አለ።

«ሥሩ የጎረቤት ግድግዳ ሥር ቢገባስ? ግድግዳውን ያፈርሱታል?»

«አላፈርስም። አባቴ ናፍጣ ያፈሱበት ነበር።»

«ሞተ?»

«አልሞተም» አለ ነገሪ።

«አየሽ!» አለ ቸኮል ለወርቅዬ፣ ክርክር እንዳሸነፈ ሰው።

«አቶ ቸኮል፣ ዕጢውን ከዙሪያው ካለው ጤነኛ አንጀት ጋር አድርጌ አወጣዋለሁ። ጉበትዎ ላይ ያለችውንም አነሣታለሁ። በዓይኔ ያየሁትን አልተውም።»

«ያላዩትንስ? ጉቶውንስ?»

ወርቅዬ በልቧ ዶክተሩን «በል ዋሸው! ምን አለበት፣ ዋሸውና ይተኛልህ!» ትለዋለች። እሱ ግን «የትኛው እንደሆነ አላውቅም» አለ። «እኔ ብቻ ሳልሆን፣ በዚህ በሽታ ላይ እስካሁን በእርግጠኝነት ይሄ ነው ብሎ ያሳየን የለም። ጸደንያ ቁራጩን የምትለምንዎት ለዚያ ነው።»

ቸኮል ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ጉቶው ላይ አሳረፈ። «ወርቅዬ» አለ፣ «እኔ እኮ ፈርቼ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። እባብ ቤት ሲገባ እንኳ «ልብስ ልቀይር» ብሎ ነው የወጣው። ስታዝን የምትናደድ ሴት ናትና ጮኸች።

«እኔስ አልፈራሁም? አንተ ብቻ ነህ ፈሪ? ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እያሞኘዎት ነው! ግድግዳ ሥር የገባው ጉቶ የኛው ጓሮ ጉቶ ነው። ሥሩ የማናዬን ሽንት ቤት ግድግዳ ይዞ አልነቀል ብሎት ነበር። ገደለው እኮ! ራሱ ገደለው!»

«እንዴት?» አለ ነገሪ። የምር መጠየቁ ነበር።

ቸኮል አንገቱን ደፋ። «ምንም አላደረግሁም።»

«ንገራቸው!»

«ቡቃያ ባወጣ ቁጥር እቀነጥሰዋለሁ፣ በቃ። ሳይለመልም። ቅጠል ካላወጣ ጉቶው ምን ይበላል? ያወጣል፣ እቀነጥሳለሁ። ያወጣል፣ እቀነጥሳለሁ። ሰባት ክረምት ፈጀብኝ። በስምንተኛው ደከመውና ተወው።»

ቸኮል ራሱ የተናገረውን የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«እኔም እሱን ነው የምሠራው» አለ ዶክተር ነገሪ። «ግንዱን ነገ አወጣለሁ። ከዚያ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፤ ደምዎን አያለሁ፣ ሆድዎን በምስል አያለሁ። ካቆጠቆጠ ገና ቡቃያ ሳለ እይዘዋለሁ። የሚያዘገይ መርፌም አለ።»

«ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አይናገሩም እንዴ!» ብሎ ቸኮል ቆጣ አለ። «ኒውሮ፣ ሆርሞን፣ ምናምን እያሉ ሰው ከሚያስጨንቁ!»

የቀዶ ጥገናውን ቅጽ ፈረመ። የጸደንያን ቅጽ ከኪሱ አወጣና፣ «ግንድ ህዋስ» የሚለውን ሦስት ቦታ ላይ ሰርዞ «ጉቶ ህዋስ» ብሎ ጻፈበት። ነገሪ ቅጹ በኮሚቴ የጸደቀ መሆኑን፣ መሰረዝ እንደማይቻል ሊያስረዳው ሞከረ። «ኮሚቴው ባህር ዛፍ ቆርጦ ያውቃል?» አለው። ወርቅዬ ለጸደንያ ደወለች፤ ጸደንያ «ይጻፍ! የፈለገውን ይጻፍ! ብቻ ይፈርም!» ብላ ጮኸች። በኋላ ልጅቷ ግንድና ጉቶ ያላቸውን ልዩነት የሚያስረዳ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ለኮሚቴው ለመጻፍ ተገድዳለች። ወርቅዬ ስትሰማ ደስ አላት፤ እጇን ታግኝ።

ሐሙስ ኦፕራሲዮኑ አምስት ሰዓት ፈጀ። ወርቅዬ የቀዶ ጥገናው በር ላይ የምታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርታ ጨርሳ፣ የማታውቀውን ልትጀምር ስትል ነገሪ ወጣና «ደህና ነው» አላት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እዚያው እንደተቀመጠች ጫማውን ልትስም ስትል ሸሸ።

ሦስት ወር አለፈ። የቸኮል ፊት መቅላቱን ተወ፣ ሆዱም ሰከነ። በቀጠሮው ቀን አዲሱን ምስል ይዘው ነገሪ ፊት ተቀመጡ። ዶክተሩ ምስሉን ወደ ላይ አየው፣ ወደ ታች አየው።

«ምንም አላየሁም» አለ።

ወርቅዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ቸኮል እጁን አነሣ። «ይቆዩ፣ ዶክተር። የለም ነው ወይስ አላየሁም?»

ነገሪ ፊት ለፊት አየው። «አላየሁም» አለ።

«እሺ» አለ ቸኮል፣ እና ደስ ብሎት የቀጠሮ ካርዱን ተቀበለ።

ኮሪደር ላይ ወርቅዬ ፈነዳች። «አንድ ቃል! ምናለ የለም ቢልህ? ምናለ ዝም ብትልለት? እኔስ ትንሽ አልረፍ?» እያለች ሰው እያያት አለቀሰች፤ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች። እሱ ማባበል አያውቅበትም፤ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን እንደ እንጨት መታ መታ አደረጋት።

«የለም ቢለኝ ኖሮ አልመለስም ነበር» አላት። «ታውቂኛለሽ።»

ታውቀዋለች። ዕንባዋን ጠረገችና ካርዱን ከእጁ ነጠቀችው፤ ቀኑን አየችው፣ አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው። ቸኮል አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«ብቻዬን ግን አልመጣም» አለ።

«ማን ብቻህን ና አለህ!» አለችው።